ጋሽ ወልዱ የማድረቂያውን ሆድ ሲያይ

በየከተማው የተዘጋ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አለ። ክዳን ያለው ዕቃ ሁሉ የሰደበው ይመስለዋል። ሬዲዮ ሲሰጡት ከዜናው ይልቅ ዜናው በየት በኩል እንደሚመጣ ያሳስበዋል። ሰዓት ሲያይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳይሆን ስንት ጥርስ እንዳለው ይጠይቃል። ሰርግ ቢጠሩት ሙሽሮቹን ትቶ ከጓሮ ጄኔሬተር ሲያዳምጥ ይገኛል። እናንተም ከተማ ይህ ሰው አለ። ከሌለ፣ ዕቃዎቻችሁ ገና መበላሸት አልጀመሩም ማለት ነው።

ለዲላ የደረሳት ጋሽ ወልዱ ነበር። በሞያሌ መንገድ ዳር፣ ከኸድሩ ሱቅ ጎን፣ አንድ ሰው ከቆመባት ሌላው የማይገባባት ሬዲዮ መጠገኛ ነበረችው። ዕድሜው አምሳን አልፏል። መነጽሩን በሽቦ አስሮ ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፤ በደረት ኪሱ ሰው ሁሉ ብዕር ሲሰካ እሱ ካቻቢቴ ይሰካል። የከተማው ሰው ሲያከብረው "ኢንጂነር"፣ ሲበሳጭበት "ቀዳጁ ሐኪም" ይለዋል። እሱ ለሁለቱም አቤት ይላል።

ዕቃ ፊቱ ሲቀመጥ የሚናገራት ነገር አንዲት ናት፦ "እስቲ ሆዱን እንየው።"

ኸድሩ አንድ ጊዜ የግድግዳ ሰዓቱን ወሰደለት። ሰዓቱ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ የሚሠራ ነበር፤ የተሰነጠቀው መስታወቱ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ መስታወቱ እንደተሰነጠቀ አለ፣ ሰዓቱ ግን ጋዜጣ ላይ ሠላሳ ሰባት ቦታ ተበትኗል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ መስታወቱን ነው ያልኩህ!"

"መስታወትማ ውስጡ ይታያል፤ ምኑ ይከፈታል?" አለው ጋሽ ወልዱ፣ በቅንነት።

በጤና ጣቢያው የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ በላምባ እሳት እንደሚሠራ የሰማ ጊዜ ደግሞ ሁለት ቀን ምግብ አልወርድ አለው። "እሳት እንዴት ብርድ ይወልዳል?" እያለ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ወለል ስታስጠርግ ከማቀዝቀዣው ሥር ሁለት ጫማ ተዘርግቶ አገኘች። ጫማው ውስጥ እግር ነበረበት።

በቀበሌው ስብሰባ የሆነውን ግን ማንም አልረሳውም። ከላይ የመጡ አንድ ጓድ እየተናገሩ ድምፅ ማጉያው ትንሽ ጮኸ። ትንሽ ነው የጮኸው፤ ሌላ ሰው ጆሮውን አሽቶ ያልፈዋል። ጋሽ ወልዱ ግን ካቻቢቴውን ይዞ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጓዱ አርባ ደቂቃ ያለ ድምፅ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ሕዝቡም ከመቼውም ጊዜ ይልቅ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ።

አትጠገብ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበርና የሷ የሆነ ነገር በጋሽ ወልዱ እጅ እንዳይገባ ለራሷ ምላ ነበር። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረ የቡና ማዘጋጃ ጣቢያ በጸሐፊነት ትሠራለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ በጣቢያው ካለው ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ የምታነብ እሷ ብቻ ናት። ነገሮች በመልካቸው ተጽፈው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው፣ በየፋይላቸው ሲገቡ ደስ ይላታል። የተበተነ ነገር ያማታል።

ግን በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ወር፣ በአንድ ሐሙስ፣ የጽሕፈት መኪናዋ በመስመር መሃል ነክሶ ያዘ። በከተማው ሌላ ጠጋኝ አልነበረም።

ጋሽ ወልዱ መጣ። መኪናውን አየው። መነጽሩ ከግንባሩ ወደ ዐይኑ ወረደ። አትጠገብ "ጋሽ ወልዱ፣ ዘይት ብቻ ነው የጎደለው" ብላ ሳትጨርስ ክዳኑ ተነሥቷል።

"ፈጠን በልልኝ፤ አስቸኳይ ደብዳቤ አለብኝ።"

"ምን ደብዳቤ?"

አትጠገብ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የግዛቸው።"

ግዛቸው የጣቢያው ማድረቂያ ማሽን ኦፕሬተር ነበር። ማሽኑ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ፣ ቤት የሚያህል ብረት ነው። የታጠበ ቡና ይጨመርበታል፤ ሰዓቱ በመዘውር ይሞላለታል፤ ከዚያ ራሱ ይሞቃል፣ ራሱ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ሲበቃው ራሱ ይቆማል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። ዘንድሮ ግን በለቀማ መሃል ዝናብ ገባ፤ ቡናው በማስጫ አልጋው ላይ አልደርቅ ስላለ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ይነዳ ጀመር፤ የሚሞላለትም ሰዓት እንዲጨመር ሰርኩላር ወጣ። በማግስቱ ግዛቸው እንደታዘዘው ሰዓቱን ሞልቶ ቡና ሊረከብ ወደ ማጠቢያው ወረደ። ማሽኑ አልቆመም። ሲመለስ አርባ ኩንታል ቡና ከሰል ሆኖ ጠበቀው። በዚያ ቀን ዲላ እንዳለች የተቆላ ቡና ሸተተች።

"ሞልቼዋለሁ፣ ራሱ ነው ያልቆመው" አለ ግዛቸው። የሚሰማው አላገኘም። "ማሽን አይዋሽም" ተባለ። የኢኮኖሚ አሻጥር የሚል ቃል ተጻፈበት። እነሆ ከታሰረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የአትጠገብ ደብዳቤ ሰኞ ወደ አዋሳ እንዲተላለፍ የሚያደርገው ነበር። ወደዚያ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሽ ወልዱ እጁ ቆመ። አትጠገብ ስለ ግዛቸው አዝኖ መሰላት።

"ለምንድን ነው ያልቆመው?" አለ።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ሁለት ዓመት ሲቆም የኖረ ነገር በሦስተኛው ለምን እምቢ ይላል? ማን አየው ሆዱን?"

"ማንም አላየም። ማሽኑን የተከለው ፈረንጅ አገሩ ገብቷል። ለምርመራ የሚሆን ሳጥን ትቶ ነበር አሉ፤ እንደታሸገ መጋዘን ውስጥ ነው።"

"የታሸገ" የምትለዋ ቃል ከአፏ ባትወጣ ይሻላት ነበር። ጋሽ ወልዱ ብድግ አለ። የጽሕፈት መኪናው በጠረጴዛው ላይ እንደታረደ በሬ ተዘርግቶ ቀረ፤ የግዛቸውም ደብዳቤ በዚያ ቀን ሳይጻፍ ዋለ።

ጓድ ጓንጉል የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ቀን የሚያዛጋ ሰው ነበር በዚያ ሰሞን። ማሽኑ ከቆመ ጀምሮ እርጥብ ቡና በየጥጉ ተከምሮ መሻገት ጀምሯል፤ ከበላይ በየቀኑ ስልክ ይደወላል። ጋሽ ወልዱ "ሳጥኑን ስጡኝ፤ ለምን እንዳልቆመ አሳያችኋለሁ" ሲለው እንደማባረርም እንደማቀፍም አደረገው።

አጠገቡ የነበረው ጓድ ደበበ ግን ፊቱን አጨፈገገ። ደበበ የጣቢያው የጥበቃ ጉዳይ ኃላፊ ነው፤ የግዛቸውን ክስ የጻፈው እሱ ነበር።

"የመንግሥት ንብረት ነው" አለ። "ቢያበላሸውስ? መጀመሪያ ይፈርም።"

ማምሻውን ጋሽ ወልዱ የአትጠገብን መኪና ገጣጠመላት፤ ሁለት ብሎን ተርፎ። ወረቀቱን የጻፈችው እሷ ናት፦ በማሽኑ ወይም በሳጥኑ ላይ ጉዳት ቢደርስ፣ ወይም የተባለው ሳይገኝ ቢቀር፣ ጋሽ ወልዱ እንደ ግብረ አበር እንዲጠየቅ። ልታነብለት አፏን ስትከፍት እጁን አወዛወዘባት።

"እሱን ዝለዪው" ብሎ ፈረመ። "ሳጥኑ የት ነው?"

ምን ዓይነት ሰው ነው? አለች በልቧ። አንገቱን የሚያስገባበትን ገመድ እንኳ አያነብም።

ዓርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሳጥኑ ተከፈተ። ሻንጣ የሚያህል ግራጫ ነገር ነው። በፊቱ ቁጥርና ፊደል ያለባቸው ትናንሽ ቁልፎችና ቀይ አኃዝ የሚበራበት መስኮት አለው። ከጎኑ እንደ ቀበቶ ሰፊ የሆነ፣ አርባ ቀጫጭን ሽቦ ጎን ለጎን የተጣበቀበት ኬብል ወጥቶ ጫፉ አርባ እግር ባለው ፕለግ ያልቃል። አብሮት መቶ ገጽ የሚሆን መጽሐፍ ነበረ፤ እንግሊዝኛውን የጻፈው ሰው እንግሊዝኛን ከሩቅ ሰላም የሚላት ይመስላል።

አትጠገብ አንባቢ ሆና ተመደበች። የማድረቂያው መቆጣጠሪያ ክዳን ሲነሣ ውስጡ አረንጓዴ ሰሌዳ ታየ፤ መሃሉ ላይ ጥቁር፣ ብዙ እግር ያለው ጥንዚዛ የመሰለ ነገር ተቀምጧል።

"ይኼ ነው አንጎሉ" አለች መጽሐፉን እያየች። "ፕሮሰሰር ይሉታል። ምን ላድርግ፣ መቼ ልቁም የሚለውን እሱ ነው የሚያስበው። እሱን ነቅለን በመቀመጫው ላይ የሳጥኑን ፕለግ እንሰካለን። ከዚያ ሳጥኑ እንደ አንጎሉ ሆኖ ያስባል፤ ሲያስብ ግን እያንዳንዱን ነገር ለኛ ያሳየናል። ቁም ስንለው ይቆማል፤ አንድ እርምጃ ስንለው አንድ ብቻ ይራመዳል።"

ጋሽ ወልዱ ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የዕቃ ሆድ ሲያይ ኖሯል። ሐሳብ ሲያስብ የሚታይ ነገር ግን አጋጥሞት አያውቅም።

"እያሰበ ልናየው ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"እንዲህ ይላል።"

"በይ አንብቢ።"

አነበበች። ችግሩ ማንበቡ አልነበረም፤ ጋሽ ወልዱ ከእያንዳንዱ ገጽ የመጀመሪያዋን መስመር ሰምቶ የቀረውን በእጁ ሊያገኘው መፈለጉ ነበር። "ማስጠንቀቂያ" የሚል ቃል ሲመጣ "እሱን ዝለዪው" ይላል። "ልብ ይበሉ" ሲመጣ "እሱንም።"

ጥንዚዛውን የነቀለው በሞረድ ባሳሳው የማንኪያ እጀታ ነው፤ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ጫፍ ቀስ እያደረገ። እንዲያም ሆኖ አንድ እግር ጎበጠ። አትጠገብ የፀጉሯን ማስያዣ አውልቃ ሰጠችው፤ በሱ የጎበጠውን እግር እንደ ሕፃን ጣት አቃናው። ፕለጉን ሊሰካ ሲል ግን ጮኸችበት።

"ቆይ! ጥጉ ላይ የተነከሰች ምልክት አለች። ቀዩ ሽቦ በሷ በኩል ካልሆነ ተገልብጦ ይቃጠላል!"

ጋሽ ወልዱ አየ። ገልብጦት ነበር። አዞረውና ሰካው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከመብራቱ በፊት ደግሞ የሳጥኑና የማሽኑ ብረት በመሬት ሽቦ ይታሰር ይላል።"

"እሱን ዝለ..."

"አልዘለውም!" አለች መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ። "ሰው ታስሯል፣ ጋሽ ወልዱ! ግዛቸው የሁለት ልጆች አባት ነው። አንተ ጨዋታ ላይ ነህ!"

ጋሽ ወልዱ በመነጽሩ አናት ላይ አያት። አልተቆጣም። አንድ ሽቦ ቆርጦ የሁለቱን ብረት በብሎን አሰረ። ከዚያ ወዲህ "ዝለዪው" ያላት በየሁለት ገጹ ብቻ ነው።

መብራቱን ሲያበሩት በቀዩ መስኮት ላይ አራት ሰረዝ ታየ። ሰረዝ ብቻ። ሳጥኑ እንዳኮረፈ ሰው ዝም አለ።

ጋሽ ወልዱ ቀኑን ሙሉ ለመነው። የኬብሉን አርባ ሽቦ አንድ በአንድ በቴስተር ፈተሸ፤ አትጠገብ "አሥራ ሰባት... አሥራ ስምንት..." እያለች ትቆጥርለታለች። ሁሉም ደህና ነው። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ምሳ አልበላም። ላቡን ሲጠርግ ፊቱ በአቧራ ተዥጎርጉሮ ቀረ። አትጠገብ ተሰላችታ የተዘለሉትን ገጾች ማገላበጥ ጀመረች፤ በአሥራ አራተኛው ገጽ ግርጌ፣ ዐይን በማይሞላ ፊደል፣ አንዲት ማስታወሻ አገኘች።

"ጋሽ ወልዱ፣ አንጎሉ የሚያስበው በልብ ምት ነው ይላል። ምቱን ከራሱ ከሳጥኑ ወይም ከማሽኑ ሰሌዳ ይቀበላል። ከማን እንደሚቀበል የምትነግረው ማብሪያ ከጀርባ አለች።"

ሳጥኑን አዞሩት። የጥፍር ያህል ማብሪያ በአቧራ ተሸፍና ወደዚህም ወደዚያም ሳትል መሃል ላይ ቆማለች። ጋሽ ወልዱ በካቻቢቴ ጫፍ ወደ ሰሌዳው በኩል ገፋት።

ሰረዞቹ ጠፉ። አራት ዜሮ ቦግ አለ።

ጋሽ ወልዱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "አየሽ?" አለ። "ቀኑን ሙሉ ልብ አልሰጠነውም ነበር እኮ።" አትጠገብ ሳታስበው ከጎኑ ተቀምጣ ነበር፤ አዲሱ ቀሚሷ አቧራ ነካው፤ ልብ አላለችም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተፋጠነ። በመጽሐፉ መጨረሻ አንጎሉ ምኑን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነበረ፤ ደቂቃ የሚቆጥርባትን ክፍል እዚያ አገኙት። ሳጥኑ ያቺን ክፍል በመስኮቱ እያሳየ እንዲሠራ አዘዙት። በየደቂቃው አንድ ጨመረ። ከዘጠኝ በኋላ ግን አሥር በማለት ፈንታ "A" አለ፣ ቀጥሎ "B"።

"ፊደል ቀላቀለ! ተበላሽቷል!" አለ ጋሽ ወልዱ።

አትጠገብ ግን ፊደል ሥራዋ ነው። ገጹን አገኘችው። "አልተበላሸም። እንደኛ በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት ነው የሚቆጥረው፤ ከዘጠኝ በኋላ ስድስት ፊደል ይጨምራል። መጨረሻው F ነው።" በወረቀት ስታሰላ ቆይታ እስክሪብቶዋ ቆመ። "ጋሽ ወልዱ፣ ይህቺ ክፍል የምትይዘው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሁለቱም F ሲሆኑ... ሁለት መቶ አምሳ አምስት ነው። ከዚያስ?"

"ከዚያስ?" አለ እሱም። ተያዩ። ሳጥኑ በክፍሏ ውስጥ የፈለጉትን ቁጥር በእጅ መጻፍ ይፈቅዳል። መዘውሩን አምስት ሰዓት ላይ አድርገው፣ ሁለት መቶ አምሳ ጽፈው ጠበቁ። ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። FF አለ። ቀጥሎ ዜሮ ዜሮ።

አትጠገብ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ግዛቸው የሞላው አምስት ሰዓት፣ ሦስት መቶ ደቂቃ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጓንጉልና ደበበ ተጠርተው መጡ። አትጠገብ አስረዳች፣ በእጅ ጽፈው አሳዩ። ጓንጉል መተንፈስ ሲጀምር ደበበ አንገቱን ነቀነቀ።

"ቁጥሩን ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ። ዜሮውንም እንዳላስገባችሁት በምን አውቃለሁ?"

አትጠገብ ደሟ ፈላ። ጋሽ ወልዱ ግን ፊቱ በራ። "ልክ ነህ፣ ጓድ!" አለ። "እኔም ብሆን ይህን ነው የምጠይቀው። እንግዲያው ከባዶ ይጀምር፤ ማንም እንዳይነካው። አምስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን እናየዋለን።"

በሁለት ሰዓት ማሽኑ ባዶውን ተነሣ። ማራገቢያው አጓራ፤ መስኮቱ ዜሮ ዜሮ አለ። ደበበ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ ሰዓቱን ከክንዱ ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ። አራት ሰዓት ላይ መብራቱ ደብዘዝ አለ። ድርግም ቢል ያ ሁሉ ቆጠራ ከንቱ ነው። ግን ቁጥሩ ሳይጠፋ ተመለሰ። ሠራተኞች አንድ በአንድ እየመጡ በር ላይ ቆሙ። የቁጥሩን ትርጉም ባያውቁም ግዛቸውን ያውቁት ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከበሩ ጋ ጉርምርምታ ተሰማ። አንዲት ሴት ሰው እየገፋች ገባች፤ የጋሽ ወልዱ ሚስት ስመኝ ናት። በክንዷ የታጠፈ ጋቢ፣ በእጇ ፎጣና ሳሙና ያለበት ዘንቢል ይዛለች። ዐይኗ ቀልቷል።

"የት ነው የወሰዱት?" አለች አትጠገብን።

"ማንን፣ እትዬ ስመኝ?"

"ወልዱን ነዋ! ጠዋት ሲወጣ፣ 'አምስት ሰዓት ድረስ ካልመጣሁ ጋቢዬን እሥር ቤት አምጪልኝ፤ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚያስተኙት' አለኝ። እዚያ ሄጄ የለም አሉኝ። ወዴት አሻገሩት?"

አትጠገብ ጋቢውን አየች። ወረቀቱን ያልሰማ፣ ሳያነብ የፈረመ የመሰላት ሰው ምን እንደሚያስከትልበት ያውቅ ነበር። አውቆም ነው የገባበት። ትናንት "ጨዋታ ላይ ነህ" ብላ የጮኸችበት ትዝ አላትና ጆሮዋ ድረስ ጋለች። በጣቷ ወደ ማሽኑ ብቻ አመለከተች።

ጋሽ ወልዱ ሚስቱን አያት። "ስመኝ! ደግ ሰዓት መጣሽ። ነይ፣ ነይ እዪ፣ አሁን ሊሞላ ነው!"

"ኧረ አንተ ሰው፣ ልቤን አፈረስከው እኮ!" ብላ ጋቢውን ወረወረችበት። ትከሻው ላይ አረፈ። እሱም ሳያወርደው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ስድስት ከሩብ ላይ FF አለ። ማራገቢያው ብቻ ነው የሚሰማው። ደበበ ከወንበሩ ጫፍ ደረሰ። አንድ ደቂቃ።

ዜሮ ዜሮ።

ከበሩ ጋ አንዱ "ወይ ጉድ!" አለ።

"ሦስት መቶን እየጠበቀ ነው" አለች አትጠገብ። "ግን ቆጥሮ የሚደርሰው ሁለት መቶ አምሳ አምስት ብቻ ነው። ከዚያ ይረሳና ከዜሮ ይጀምራል። ዕድሜ ልኩን ቢቆጥር ሦስት መቶን አያገኛትም። አራት ሰዓት ሁለት መቶ አርባ ደቂቃ ነው፤ ለዚያ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቆም የኖረው።"

ደበበ ግን አልተነሣም። "ሰባት ሰዓት ይሙላ" አለ። ጠበቁ። ሰባት ሰዓት ሞላ። ማሽኑ ማጓራቱን ቀጠለ። ሰባት ከሩብ ሆነ። ደበበ ሰዓቱን ወደ ክንዱ መለሰ፤ ለማሰር ሦስት ጊዜ ሞከረ።

"አምስት ሰዓት ሙላ ያለው ማን ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

አትጠገብ ሰርኩላሩን ራሷ ነበረች የጻፈችው፤ ከግርጌው የጓድ ጓንጉል ፊርማ አለ። ጓንጉል ወደ መሬት አየ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። በግዛቸው ቦታ የሚከሰስ ሰው ክፍሉ ሲፈልግ ታወቀው።

የመለሰው ጋሽ ወልዱ ነው። "ያዘዘውም አላጠፋ፣ የሞላውም አላጠፋ" አለ። "ቡናው እርጥብ ነው፣ አምስት ሰዓት ያስፈልገዋል። ጥፋቱ ዕቃው ጠባብ መሆኑ ነው። ጣሳ ከልኩ በላይ ቢፈስበት ማን ይከሰሳል? ከእንግዲህ አራት ሞልታችሁ፣ ሲቆም አንድ ድገሙለት። ይደርቃል።"

ጓንጉል ቀና ብሎ አየው። ደበበ ግን ወደ አትጠገብ ዞረ። "ደብዳቤ ጻፊ" አለ። "የመፍቻ። እኔ ራሴ እወስደዋለሁ።"

ሁለት ብሎን የጎደለው መኪናዋ ያን ቀን አልነከሰም።

ግዛቸው አሥር ሰዓት ላይ በጣቢያው በር ገባ። ጢሙ አድጓል፤ ቀበቶ ስላልመለሱለት ሱሪውን በእጁ ይዟል። ሠራተኛው ከበበው፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ማን እንደረዳው ሲነግሩት ሕዝቡን ሰንጥቆ ጋሽ ወልዱ እግር ላይ ሊወድቅ ሄደ። ጋሽ ወልዱ ከመሃል ያዘው፣ አቀፈው፣ ሦስት ጊዜ ሳመው። አትጠገብ ከስመኝ ጎን ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ ጋሽ ወልዱ ግዛቸውን በክንዱ ርቀት ያዘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ግዛቸው፣ ያ የክፍሉ በር... ቁልፉ ከውጭ የሚንጠለጠል ነው ወይስ ብረቱ ውስጥ የተቀበረ?"

ስመኝ ዐይኗን ጨፈነች። ግዛቸው ከሆዱ ሥር የተነሣ ሣቅ እስኪያንቀው ድረስ ሣቀ።

"የተቀበረ ነው፣ ጋሼ" አለ እንባውን እየጠረገ። "አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ሌላ የማየው አልነበረኝም። ሁለት ጊዜ ይዞራል። በሁለተኛው ዙር ግን ውስጡ አንድ የምትላላ ነገር አለች፤ ቀጭ ትላለች።"

"ቀጭ ትላለች? ከላይ ወይስ ከታች?"

"ቆይ ላሳይህ" ብሎ ግዛቸው ሱሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ ቁጢጥ አለና በጣቱ አፈሩ ላይ ይሥል ጀመር። ጋሽ ወልዱም ጋቢውን ሰብስቦ ከጎኑ ቁጢጥ አለ።

"አየሽልኝ?" አለች ስመኝ። "አሁን ሄጄ ልክፈተው ባይል።"

ከጎኗ ግን ማንም አልነበረም። አትጠገብ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ፣ የምትላላዋ ነገር በየት በኩል እንደሆነች ለማየት፣ በሁለቱ ትከሻ መሃል አጎንብሳ ነበር።